ራስ ምታቱ አልለቅ ካላችሁ መጀመሪያ ቦርሳችሁን ፈትሹ

ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ደንበኛው ሁሉ ዶክተር ይለኛል፤ ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ግን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ "እስቲ የራስ ምታት ስጠኝ" የሚል ሰው ያላየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ውኃ ጠጡ፣ በሰዓቱ ተኙ፣ ቁርስ አትዝለሉ የሚለውን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል፤ አልደግመውም። ይሄ ሁሉ ተደርጎም ለሚመላለሰው ነው የምጽፈው።

በየቀኑ ያማል፣ ክኒን ሲወሰድ ይተዋል፣ ተመልሶ ይመጣል

ጠዋት ስትነሱ አብሯችሁ ይነሳል። ክኒን ትውጣላችሁ፣ ፋታ ይሰጣችኋል። ማታ ወይም በነጋታው እንደገና ከች ይላል። አጅሬው ማን መሰላችሁ? ራሱ ክኒኑ ነው።

ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ሌላ ክኒን ልሸጥለት የፈለግኩ የሚመስለውም አለ። ግን ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ነገር ነው። ልኩም ይታወቃል። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከሆነ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ። ካፌይን የተቀላቀለባቸው፣ ጠንካራዎቹ ማስታገሻዎች ትራማዶልና ኮዴይን፣ ለማይግሬን የሚሰጠው ኤርጎታሚን ከሆኑ ደግሞ 10 ቀን ይበቃል። ይሄ ከ3 ወር በላይ ከቀጠለ ማስታገሻው ራሱ በሽታ አምጪ ይሆናል። የሚቆጠረው ቀኑ ነው እንጂ የክኒኑ ብዛት አይደለም። ደግነቱ ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር እኩል 30 ቀን ነው። የግድግዳ ካላንደራችሁ ላይ ክኒን የወሰዳችሁበትን ቀን አክብቡ። ወሩ ሲያልቅ ግማሹ፣ ባለ 10 ቀኖቹን ከሆነ የምትወስዱት ሲሶው፣ ከተከበበ ነገሩ ተገኝቷል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ራስ ምታት ኖሮት የማያውቅ፣ ለወገቡ ብቻ ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ላይ ይሄ እምብዛም አይታይም። የሚይዘው ድሮም ማይግሬን ወይም የውጥረት ራስ ምታት የነበረበትን ነው።

ቢሮዋ እዚሁ ቅርብ የሆነ አንዲት እህት ነበረች። በየሁለት ቀኑ አንድ ስትሪፕ ትገዛለች። አንድ ቀን ሲሰለቸኝ "እስቲ ቦርሳሽ ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ አውጪው" አልኳት። ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። ፓናዶል ኤክስትራ። አክስቷ ከአሜሪካ የላኩላት ኤክሰድሪን። የጉንፋን ክኒን። ከእኔ የገዛችው ፓራሲታሞል። "አንዱ እምቢ ሲለኝ በሌላው እቀይራለሁ" አለችኝ። ምን ትቀይራለች! አራቱም ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። ፓናዶል ኤክስትራውና ኤክሰድሪኑ ደግሞ በየፍሬው 65 ሚሊግራም ካፌይን አለባቸው። ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የፓራሲታሞል ጣሪያው 4 ግራም ነው፤ ባለ 500ው 8 ፍሬ ማለት ነው። እሷ ጣሪያውን የምታልፍበት ቀን ነበር። ጉበት ሲጎዳ መጀመሪያ ላይ ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። እባካችሁ የካርቶኑን ፊት ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ።

ሌላው ጋሼ ነጋዴ ናቸው። "መርፌ ካልተወጋሁ አይተወኝም" ይሉ ነበር፤ ዳይክሎፌናክ ነው። አንድ ቀን በጨዋታ መሃል ሰገራቸው እንደ ሬንጅ መጥቆሩን ነገሩኝ። እሳቸው ከበሉት ነገር ነው ብለዋል። ጨጓራቸው እየደማ ነበር። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያመማችሁ፣ ነፍሰ ጡርም የሆናችሁ፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን ሐኪም ሳታማክሩ አትንኩ።

መፍትሄው አንድ ነው፤ ማቆም። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በአንዴ ይቆማሉ። ትራማዶል ወይም ኮዴይን የለመደ ግን ብቻውን በአንዴ እንዳያቆም፤ ከሐኪም ጋር ቀስ በቀስ ነው። ካቆማችሁ በኋላ ይብስባችኋል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ቀን ድረስ ራስ ምታቱ ይጠነክራል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን "ምክርህ ሊገድለኝ ነው" እያለ ይመጣና አንድ ስትሪፕ ገዝቶ ይሄዳል። ስለዚህ ሳምንቱን ምረጡ። የሒሳብ ሠራተኛ ሰኔ ላይ አይጀምረውም። ቤተሰብም ይወቅ። ሙሉ ለውጡ እስከ 2 ወር ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ ሐኪም የራስ ምታት መከላከያ ሊያዝዝላችሁ ይችላል፤ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፕሮፕራኖሎል። "ጎረቤቴ የምትወስደውን ስጠኝ" አይሠራም! ፕሮፕራኖሎል አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ይዘጋል።

ያቺ እህት ሁለት ጊዜ ሞክራ ወድቃ በሦስተኛው ተሳካላት። ክኒኑ ሲነሳ ከሥሩ የነበረው ታየ፤ በወር ሁለቴ የሚመጣ የለየለት ማይግሬን።

"ሳይነስ ነው"

አዲስ አበባ ውስጥ ሳይነስ የሌለበት ሰው ያለ አይመስልም። አብዛኛው ግን ማይግሬን ነው። በአንድ በኩል እንደ ልብ ምት ይመታል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ጫጫታ ያስጠላል፣ ደረጃ ስትወጡ ይብሳል፣ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። አፍንጫ ሊዘጋ፣ ዓይን ሊያለቅስም ይችላል፤ የሚያሳስተው እሱ ነው። አሞክሳሲሊን ምንም አያደርግለትም፤ በዚህ ጉዳይ ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ። ማስታገሻውን ልክ ሲጀምር ውሰዱ። "ትንሽ ልታገሰው" ብላችሁ ሲከፋ ብትወስዱት ጨጓራችሁ አልቀበል ይላል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኙ። በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ማስታገሻ ካስፈለጋችሁ ግን የመከላከያው ጊዜ ደርሷል፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።

በጾም ሰሞን የሚመጣ

ሁዳዴ ሲገባ እስከ 9 ሰዓት ቡና የለም። ረመዳንም እንደዚያው። ከመጨረሻው ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ መክበድ ይጀምራል። ቡና ሲጠጣ ይለቃል። ጾሙ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ስኒውን በየቀኑ ቀንሱ። ከአቦል እስከ በረካ ስትጠጡ ከርማችሁ በአንድ ቀን አታቁሙ።

ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሲያመው

ከሰል ነው! ክኒን አትፈልጉ። በሩን ከፍታችሁ ሁሉንም አውጡና ወደ ሆስፒታል ሂዱ። "ፍም ሆኗል፣ ጭሱ ወጥቷል" የሚባለው ሰው ገድሏል። የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የቀላ ፍምም ያወጣዋል። ክረምት ላይ ምድጃ ይዛችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ውጭ ስትወጡ የሚለቅ፣ ቤት ስትገቡ የሚጀምር ራስ ምታትም ያው ነው።

ግፊት፦ መለስተኛ ግፊት ብዙውን ጊዜ ራስ አያሳምምም፤ ተለኩ እንጂ አትገምቱ። መነጽር፦ ስታነቡ ብቻ ካመማችሁ። በአንድ ዓይን ዙሪያ፣ ሌሊት በተመሳሳይ ሰዓት፣ ዓይን እያስነባ የሚመጣ ከባድ ሕመም ብርቅ ነው፤ ቀጥታ የነርቭ ሐኪም።

ጊዜ የማይሰጡት ራስ ምታቶች እነዚህ ናቸው። በደቂቃ ውስጥ ጣሪያ የሚነካ፣ "እንዲህ አሞኝ አያውቅም" የሚያሰኝ። ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለው። ምላስ የሚያስር፣ አንድ ጎን የሚያዝል፣ ዓይን የሚጋርድ። ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ። ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ። በእርግዝና ወይም በአራስነት የጠነከረ። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው ላይ የጀመረ። ከእነዚህ አንዱ ካለ እኔ ጋ ወረፋ አትያዙ፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።