አስጠኚ ስንቀጥር የምንሠራቸው ስህተቶች

በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ በየስልክ እንጨቱ «የቤት ለቤት አስጠኚ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አስጠኚ ማግኘቱ አይከብድም፤ የሚከብደው በየወሩ የምንከፍለው ብር ለልጁ ምን እንደሠራለት ማወቁ ነው።

ትልቁ ስህተት አስጠኚውን የቤት ሥራ ሠሪ ማድረግ ነው። ደብተሩ በራይት ይሞላል፣ መምህሩ ይፈርማሉ፣ ወላጅ ደስ ይለዋል፣ ፈተና ሲመጣ ግን ልጁ ብቻውን ነው። አስጠኚ የሚቀጠረው የጎደለውን ፈልጎ እንዲሞላ ነው፤ ጉድለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ወደ ኋላ ነው። የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ እምቢ ያለውን ልጅ እስቲ 1/3 + 1/4 ስንት ነው በሉት። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሮ 2/7 ካለ፣ ችግሩ የዘንድሮው ትምህርት አይደለም፤ ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት ያለፈው ክፍልፋይ ነው። ጎበዝ አስጠኚ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዲህ ሲፈትሽ ይቆያል። ገና እንደገባ «ዛሬ የት ደረሳችሁ?» ብሎ መጽሐፍ የሚገልጠውን እኔ ብሆን አልቀጥረውም።

ሰዓቱንም አናስብበትም። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ወደ ዳር ሄደው ልጆቻቸውን አሁንም መሃል ከተማ የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው፤ ልጁ ሰርቪስ ውስጥ ሲንገላታ ቆይቶ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲገባ አስጠኚው ሳሎን ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ኧረ መክሰስ ይብላ! ትንሽ ይጫወት! በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ያውም እሱን በሚከብዱት አንድ ሁለት ትምህርቶች፣ ለአብዛኛው ልጅ ይበቃል።

ሁሉንም ትምህርት ለአንድ ሰው መስጠትም አለ። አምስት ኪሎ ምህንድስና የሚማረው ወጣት ሒሳብ አሳምሮ ያስረዳ ይሆናል። «አማርኛ ሰዋስውም ጨምርልን» ስትሉት ግን ብሩን ስለሚፈልገው እሺ ይላል፣ ምን ያድርግ።

መጽሐፉን እዩት። ሥርዓተ ትምህርቱ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተቀይሯል፤ አንዳንዱ አስጠኚ ግን ራሱ በተማረበት አሮጌ መጽሐፍ ነው የሚያስጠናው።

ትምህርት ቤቱ ራሱ ከክፍል በኋላ በሚሰጠው ማጠናከሪያ ላይ ስታስመዘግቡ ደግሞ «ስንት ልጅ ነው በአንድ ክፍል?» ብላችሁ ጠይቁ። አርባ ከሆኑ ያው የጠዋቱ ክፍል ነው፤ ጠዋት ያልገባው ማታ ደክሞት ሊገባው አይችልም። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ወላጆች ደግሞ ግንቦት ላይ ነው የምንባንነው፤ በአንድ ወር የሚሞላ ክፍተት የለም፣ ሽምደዳ ብቻ ነው የሚተርፈው።

ሰውየውን ደላላም ያምጣው ጎረቤት፣ መታወቂያውንና ተያዡን ሳታዩ ቤት አታስገቡ። ጥናቱ ሳሎን ይሁን፣ በሩም ክፍት። ይሄን ለመጠየቅ የምናፍረው ነገር አይገባኝም፤ ደህና አስጠኚ በዚህ አይቀየምም።

ክፍያውንም አስቀድማችሁ ቁርጥ አድርጉት። በሰዓት ነው በወር? የቀረበትን ቀን ያካክሳል ወይስ ይቀነስበታል? በፈተና ሳምንት ቀን ሲጨመርስ? ይሄን ሳትነጋገሩ ከጀመራችሁ ወር ሲሞላ መኮራረፍ አይቀርም፤ አስጠኚውም በሴሚስተሩ መሃል ጥሏችሁ ይሄዳል።