«ጆሮዬ አልሰማ አለ» ብቻ የተጻፈባቸውን ካርዶች እንዴት ኮድ እንዳስያዝኳቸው

ደሴ በምሠራበት ክሊኒክ ካርዱ ላይ «መስማት ቀንሷል» ብቻ ተጽፎ ስለሚመጣ፣ ሁሉም በአይሲዲ-10 (የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ ኮድ መጽሐፍ) ኤች 91.9፣ ማለትም «ዓይነቱ ያልተገለጸ የመስማት መቀነስ» ውስጥ ይታጎር ነበር፤ የሚያልፈውም የማያልፈውም አንድ ላይ። ይህ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት የጠፋ መስማት፣ ምክንያቱ ካልታወቀ ኤች 91.2 ነው፤ ሕክምናው ቶሎ ካልተጀመረ የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል።

መፍትሔው የተገኘው ከኮድ መጽሐፉ ሳይሆን ከካርዱ ነው። ሐኪሞቹ የትኛው ጆሮ እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ከምን በኋላ እንደመጣና በኦቶስኮፕ (የጆሮ ውስጥ መመልከቻ መሣሪያ) ምን እንደታየ እንዲጽፉ ተስማማን።

አንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ «ማታ ይደፈንብኛል፣ ጠዋት ይከፈትልኛል» አለ። ካርዱ ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ «ሁለቱም ጆሮ፣ ከወፍጮ ድምፅ በኋላ፣ በዕረፍት የሚመለስ፣ ታምቡሩ ደህና፤ ጊዜያዊ የመስማት ደረጃ ለውጥ።» አሁን ኮዱ ግልጽ ነው፦ ኤች 93.2። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ኤች 93.24 የአሜሪካኖቹ ማሻሻያ ስለሆነ በዓለም ጤና ድርጅቱ ቅጂ አትፈልጉት።

ኩክ ደፍኖት ከሆነ ኤች 61.2 ነው፤ ታጥቦ ከወጣ በኋላ መስማቱ መመለሱም ይጻፍ።

«ጊዜያዊ» የሚለውን ሐኪሙ ካልጻፈው እኔ ገምቼ አልሞላም፤ ካርዱን መልሼ ሐኪሙን እጠይቃለሁ። ታካሚውም «አብሽር፣ ይመለሳል» ተብሎ ብቻ አይሸኝም፤ ቀጠሮ ይያዝለታል። ሲመለስ መስማቱ ካልተስተካከለ ምርመራው ይደገማል፣ የዚያ ቀን ኮድም በአዲሱ ግኝት ይሞላል።