ከድሬ ወይ ከሐረር አዲስ አበባ ስትበሩ ሰዓቱን እንዴት ትቆጥሩታላችሁ

ብዙ ሰው ድሬ አዲስ አበባ በፕሌን ስንት ሰዓት ነው ብሎ ይጠይቅና 1 ሰዓት ሲባል እሷን ይዞ ቀጠሮ ይይዛል፣ ከዛ ይረፍድበታል። 1 ሰዓቱ ልክ ነው ግን የበረራው ብቻ ነው፣ የናንተ መንገድ ሚጀምረው ከቤታችሁ በር ነው፣ በተለይ ሐረር ከሆናችሁ።

መጀመሪያ ርቀቱን ለዩት። በጭሮ በሂርና በቁልቢ አድርጎ በደንገጎ ሚወርደው የመኪና መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በአየር ግን ቀጥታ ስለሆነ 340 ገደማ ነው፣ ፕሌኑ የጨርጨርን ተራራ እየዞረ አይሄድም። ራሳችሁ ለማየት ጎግል ማፕ ላይ ድሬን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ ርቀት መለኪያውን ንኩና ወደ ቦሌ ሳቡት። እሱን ለ600 አካፍሉት (ፕሌኑ በሰዓት ሚሄደው ኪሎ ሜትር ነው) ወደ 35 ደቂቃ ይመጣል፣ መንደርደሪያና ማረፊያ 25 ደቂቃ ጨምሩ፣ ይኸው 1 ሰዓት። ለሩቅ አገር ጄት ስለሆነ ለ850 አካፍሉ፣ አዲስ አበባ ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ስሌቱ ከነመንደርደሪያው ወደ 3 ሰዓት ተኩል ይመጣል፣ እናንተ ግን 4 ሰዓት አካባቢ ያዙለት፣ ዱባይ ደግሞ ከኛ በ1 ሰዓት ስለምትቀድም ስትደርሱ ሰዓታችሁን አስተካክሉ።

አሁን ዋናው። ሐረር ኤርፖርት የላትም፣ ሚበረረው ከድሬ ነው። በረራው ከቀኑ 8 ሰዓት ቢሆን 6 ሰዓት ላይ ኤርፖርት መገኘት አለባችሁ፣ ከሐረር ድሬ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ግን ሚኒባሱ እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ፣ አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ሊይዘው ይችላል፣ ደንገጎ ቁልቁለቱ ላይ ከባድ መኪና ከፊት ካለ ቀስ ነው፣ ስለዚህ ከ4 ሰዓት ሳታልፉ ውጡ። 9 ሰዓት ቦሌ አርፋችሁ ሻንጣ ጠብቃችሁ ታክሲ ይዛችሁ ቤት እስክትገቡ 10 ተኩል ይሆናል። በድምሩ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። በአውቶብስ ሙሉ ቀን ከመቀመጥ አሁንም ይሻላል፣ ለታመመ ሰውና ህፃን ለያዘች እናትማ አታመንቱ፣ ግን አዲስ አበባ 9 ሰዓት ላይ ቀጠሮ እንዳትይዙ።

አደራ ምላችሁ ደግሞ ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። አክስቴ 07:00 ሚለውን 7 ሰዓት ብላ ምሳዋን በልታ ተረጋግታ ሄደች፣ ፕሌኑ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሄዷል፣ ለልጇ ምርቃት ነበር ምትሄደው እና እንባዋን ሳይ በጣም ነው ያዘንኩት። የጠዋትና የቀን በረራ ከሆነ 6 ቀንሱ በቃ፣ 07:00 ጠዋት 1፣ 14:00 ከቀኑ 8። ቀኑም በፈረንጅ ስለሆነ ካላንደር አይታችሁ በኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ፅፋችሁ ለእናት ለአባት ስጧቸው። የጠዋት በረራ ከሆነ ደሞ ለሊት ከሐረር ከምትነሱ ማታውኑ ወርዳችሁ ድሬ ዘመድ ቤት እደሩ፣ ኤርፖርቱ ከከተማው ሩቅ አይደለም።

ለቁልቢ ገብርኤል ማለትም ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 ሰሞን ግን ሌላ ነው፣ ቲኬቱን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ የቁልቢ መንገድም በመኪናና በእግረኛ ስለሚሞላ የተሻለው በረራው ነው፣ ከሐረር ምትወርዱ ደሞ ከላይ ባልኩት ላይ ቢያንስ 1 ሰዓት ጨምሩበት።