ሳህን ይዞ ልጅ ማባረር ይብቃ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማቆያ ምግብ አብሳይ ነኝ። ጠዋት ልጅ የሚያደርሱ ወላጆች ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ይሄ ልጅ እኮ ምንም አይበላም፣ እባክሽ እያጎረስሽልኝ።» ምሳ ሰዓት ላይ ያው ልጅ ከእኩዮቹ መሃል ቁጭ ብሎ ሽሮውን ጥርግ ያደርጋል። ድግምት የለኝም። ርቦታል፣ ቴሌቪዥን የለም፣ የሚለምነው ሰውም የለም። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ይሄው ነገር ቤት ውስጥም ይሠራል።

መጀመሪያ አትደንግጡ። ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ክብደቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። 3 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ዓመት ሲሞላው 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ነው። እድገቱ ረገብ ሲል ፍላጎቱም አብሮ ረገብ ይላል። ሰፈር ውስጥ «የሰው ዓይን ነው» ይባላል። ዓይን አይደለም፣ ዕድሜው ነው። ዛሬ ደህና በልቶ ነገ ሁለት ጊዜ ቀምሶ ቢነሳ አይግረማችሁ። ሳምንቱን እዩ እንጂ አንዷን ምሳ አትቁጠሩ።

ከዚያ ሥራውን ከልጁ ጋር ተካፈሉ። ምን እንደሚቀርብ፣ ስንት ሰዓትና የት እንደሚበላ የእናንተ ነው። መብላት አለመብላቱና መጠኑ የእሱ ነው። ለእናቶች የሚከብደው ይሄ ሁለተኛው ነው፤ ለሞግዚቶች ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ማታ «ስንት በላ?» ተብለው ይጠየቃሉ።

ሰዓት ያዙ። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመሃል ሁለት መክሰስ። ከዚያ ውጭ ውሃ ብቻ። እኔ እንደማየው «አይበላም» የሚባለው አብዛኛው ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲበላ ነው የሚውለው፤ ብስኩት፣ ጁስ፣ ወተት በጡጦ። ወተት ላይ በተለይ ጠንቀቅ በሉ። ከ1 ዓመት በኋላ የላም ወተት በቀን ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ሆዱን ይሞላበታል፤ ብረት ግን የለውም ማለት ይቻላል። ወተት ብቻ እየጠጣ ደም ማነስ የሚይዘው ልጅ አለ። ጡጦውንም ከዓመቱ ጀምራችሁ በኩባያ ቀይሩ። ጡት ሌላ ነገር ነው፤ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ቢጠባ መልካም ነው።

ወደ ጉርሻ ልምጣ። ጉርሻ እወዳለሁ። ግን «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የሚባለው ለትልቅ ሰው ነው። የሁለት ዓመት ልጅ አፉን ገጥሞ ፊቱን ካዞረ ጠግቧል ማለት ነው። ስልክ ከፍታችሁ፣ ሲፈዝ ጠብቃችሁ ብታጎርሱት ይውጣል፤ ግን መጥገቡን ማወቅ እየተወ ይሄዳል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁት፤ ካልበላ ያለ ቁጣ ሳህኑን አንሱ። ቀጣዩ መክሰስ ሩቅ አይደለም።

በራሱ እጅ ይብላ። ከ9 ወር ገደማ ጀምሮ በሁለት ጣቱ ማንሳት ይችላል። በአንድ ዓመት ተኩል ማንኪያ ይይዛል፣ ግማሹን እየደፋ። ሦስት ዓመት ሲሞላው ብዙም አያዝረከርክም። እንጀራ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ በትንንሹ ቆርጣችሁ በወጥ አርሱለት። ከስሩ ፌስታል አንጥፉና ይደፋ። ሳህኑ ግን ለብቻው ይሁን። ከትልልቆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ከበላ ይቀደማል፣ ምን ያህል እንደበላም አታውቁም።

አዲስ ምግብ ሲያይ ፊቱን ቢያኮማትር ከ2 ዓመት በኋላ የተለመደ ነው። ማቆያችን ውስጥ ቆስጣን የምናስለምደው ከሚወዱት የድንች አልጫ ጎን አንድ ማንኪያ በማስቀመጥ ነው። ይተዉታል፣ ምንም አንልም። በሌላ ቀን ደግመን እናቀርባለን። አንዳንዱ ልጅ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ሳያየው አይቀምስም። «ቆስጣውን ብላና ከረሜላ እሰጥሃለሁ» ካላችሁት ግን የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ከረሜላ ይበልጣል።

አሁን ሳህኑ ላይ ምን ይኑር? በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ልጆች 37ቱ ለዕድሜያቸው ቁመታቸው አጭር ነው። በደንብ ጠግቦ የሚያድር ልጅም ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ምግቡ አንድ ዓይነት ከሆነ። ስለዚህ እንጀራ በሽሮ ጥሩ ነው፤ ግን በቀን አንድ እንቁላል ጨምሩበት። ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ ለቫይታሚን ኤ ናቸው። ካሮቱንና ዱባውን በትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ አብስሉት። ለብረት ሥጋና ጉበት፤ ካልተቻለ ምስር። ምስሩ ላይ ቲማቲም ወይም ሎሚ ጠብ ካደረጋችሁበት ብረቱ ይበልጥ ይገባል። ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ለልጅ ቁርስ ሻይ በዳቦ የሚባል ነገር ካየሁ ዝም ማለት አልችልም!

ገንፎ ስታዘጋጁ ሦስት እጅ እህል ለአንድ እጅ ጥራጥሬ መጥኑ፤ ለምሳሌ ገብስና አጃ ከሽምብራ ጋር። ወፈር ያለ ይሁን፣ ከማንኪያ ላይ የማይፈስ። እንደ ውሃ የቀጠነ አጥሚት ሆድ ሞልቶ ጉልበት አይሰጥም። በርበሬውን ቀስ እያላችሁ አስለምዱ፤ በአልጫ መጀመር ይቀላል።

በጾም ወቅት ደግሞ ቤቱ ሁሉ ስለሚጾም ዕቃ እንዳይነካካ ተብሎ የልጁ እንቁላልና ወተት አብሮ ይቀራል። ትንንሽ ልጆች ጾም አይገደዱም፤ ልማዱም ከ7 ዓመት ጀምሮ ነው። አንድ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለልጁ ብቻ ለዩ፤ ነገሩ ያልቃል።

በቡና ሰዓት ዓይናችሁን ልጁ ላይ አድርጉ። ቆሎ፣ ለውዝ፣ ፈንዲሻና ጠጣር ከረሜላ ቢያንስ 4 ዓመት እስኪሞላው አይሰጡ። እየሮጠ ሲስቅ አየር ቧንቧው ውስጥ ይገባበታል። ቆሎው ተፈጭቶ በሶ፣ ለውዙም ተፈጭቶ ዳቦ ላይ በስሱ ተቀብቶ ይቅረብለት። ማር ደግሞ ከ1 ዓመት በፊት ፈጽሞ አይቀመስም።

ክብደቱ ከቀነሰ፣ ሲውጥ በተደጋጋሚ ትን ካለው፣ አፈር መብላት ካበዛ፣ ፊቱ ከገረጣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ክንዱንም ይለኩላችኋል፤ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ክትትል ያስፈልገዋል። ቫይታሚን ኤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት በየስድስት ወሩ ይሰጣል፣ የትላትል መድኃኒት ደግሞ ከ2 ዓመት ጀምሮ። ስትሄዱ የክትባት ካርዱን እንዳትረሱ።