ለሰፈር ፓርክ ግራንት ማች ያጣን ጊዜ ያደረግነው

እዚህ አሜሪካ አፓርትመንት በበዛበት ሰፈር ፓርክ ለማሰራት የምትሯሯጡ ካላችሁ እኛን አንቆ የያዘን ማቹ ነበር፣ ማለትም በግራንቱ (በእርዳታ ብሩ) ላይ ከራሳችን ማዋጣት ያለብን ድርሻ። ኦ አር ኤል ፒ የሚሉት ግራንት አለ፣ ከ2014 (በፈረንጅ) ጀምሮ ለከተማ ድሃ ሰፈሮች በፌደራሉ የፓርኮች መስሪያ ቤት በናሽናል ፓርክ ሰርቪስ በኩል የሚሰጥ፣ ግን እንደ ደንቡ ግማሹን ወጪ እናንተ አምጡ ይላል፣ ሲቲው ደግሞ በጀት የለኝም ብሎ ቁጭ። የፌደራል ብር በፌደራል ብር ማች አይደረግም ሲባል ሁሉም ተስፋ ቆረጠ።

መፍትሄው ሲ ዲ ቢ ጂ ነው፣ የፌደራል መንግስት ለሰፈር ልማት የሚሰጠው ሌላ ግራንት። እሱም የፌደራል ብር ነው ግን ህጉ ራሱ ማች እንዲሆን ይፈቅድለታል። ችግሩ በሲ ዲ ቢ ጂ ደንብ ፓርኩ ከሚያገለግለው ሰፈር ነዋሪ ቢያንስ 51 ፐርሰንቱ ገቢው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ መሆን አለበት፣ የሲቲው ካርታ ደግሞ ከሃይዌይ ማዶ ያሉትን ቪላዎች ጨምሮብን ፐርሰንቱን አወረደው። እስቲ የትኛው ህፃን ነው ስድስት ሌን አቋርጦ ዥዋዥዌ ሊጫወት የሚመጣው? መንገዱን እንደ ድንበር ቆጥራችሁ በብሎክ ግሩፕ (የህዝብ ቆጠራው በሚጠቀምበት ትንሽ የሰፈር ክፍል) እንደገና ስሩት አልናቸው፣ ሰሩት፣ አለፈ።

ሌላው፣ በኦ አር ኤል ፒ ግራንት የተሰራ መሬት ለዘላለም መናፈሻ ሆኖ ነው የሚቀረው፣ ለሌላ ነገር ከተፈለገ በዋጋም በጥቅምም እኩል የሆነ ምትክ መሬት ግድ ነው። የሲቲው ጠበቃ እዚህ ላይ ሲያንገራግር ነበር፣ ለኛ ግን ዋናው ደስ ያለን እሱ ነው፣ ነገ ኮንዶ ልስራበት የሚል አይመጣማ። ማመልከቻውን የሚያስገባው ስቴቱ ስለሆነ ቀድማችሁ የስቴቱን ፓርክ ቢሮ አናግሩ።