በባሕር ዳርቻ ድንጋይ ሲክቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

1. እርጥብ አሸዋን ማመን
ውሃ የጠጣ አሸዋ ሲረግጡት ጠንካራ ይመስላል። ውሃው ወደ ታች ሲሰርግ ግን ይረግባል፤ የሥረኛው ድንጋይ በጥቂቱ ያዘነብላል፤ ያቺ ትንሽ ዝንባሌ አናት ላይ ስትደርስ ካቡን ትጥለዋለች። ከአለት ወይም ግማሹ ከተቀበረ ትልቅ ድንጋይ ይጀምሩ። ጠርዙን ዙሪያውን በመዳፍዎ ይጫኑት፤ ከተወዛወዘ ከሥሩ ቀጭን ጠጠር ይሸጉጡ።

2. ጠፍጣፋ ብቻ መልቀም
ድንጋይ ድንጋይ ላይ የሚቆመው በገጹ ሁሉ ሳይሆን በጥቂት ነጥቦች ነው። እንደ ጉልቻ ሦስት ይበቃሉ። የላይኛው ድንጋይ የክብደት ማዕከል ሦስቱ ነጥቦች በሚሠሩት ሦስት ማዕዘን ውስጥ ካረፈ ይቆማል፣ ከዚያ ከወጣ ይወድቃል። ስለዚህ ግንበኛ «ካብ አይገባ» ብሎ የሚጥለው፣ ጎድጎድና እብጥ ያለው ድንጋይ እዚህ ተፈላጊ ነው። አልጌ የለበሰውን ግን ይተዉት፤ ያንሸራትታል።

3. መጫን
ብዙ ጀማሪ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ድንጋዩን ወደ ታች የሚጫን እጅ ራሱ አራተኛ ድጋፍ ይሆናል፤ እጁ ሲነሣ ድንጋዩም ይከተለዋል። በሁለት እጅ፣ በጣት ጫፍ ብቻ ይያዙት። ግራና ቀኝ በጥቂቱ ያዙሩት፤ እብጠቱ ጎድጓዱ ውስጥ ቁጭ ሲል በጣትዎ ይታወቅዎታል። ከዚያ ጣቶችዎን አንድ በአንድ ያንሡ። ዓይን እዚህ ብዙም አይረዳም። አናት ላይ የግድ ትንሹ ይሁን የሚል ሕግም የለም፤ ቀላሉን ነፋስ ቶሎ ይነቀንቀዋል፣ ከበድ ያለው ደግሞ ሚዛኑን ለጣት በግልጽ ይናገራል።

4. ቁመት መመኘት
20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድቡልቡል ድንጋይ 11 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ እግር ላይ ሲወድቅ ጣት ይሰብራል። ልጆች ባሉበት ከጉልበት በላይ አይክቡ።

5. የተያዘ ድንጋይ ማንሣት
ሥሩ እርጥብ የሆነ ድንጋይ የሸርጣንና የትናንሽ ፍጥረታት መጠለያ ነው፤ ሲገለበጥ ፀሐይ ታደርቃቸዋለች። ውሃ ከማይደርስበት ከደረቁ ጠጠር እንውሰድ ቢባል፣ እዚያ ደግሞ ዳርቻ ላይ የሚራቡ ወፎች እንቁላላቸውን ያለ ጎጆ ይጥላሉ። እንቁላሉ ጠጠር ስለሚመስል አይተው ሳይሆን ረግጠው ነው የሚያገኙት። የሚሻለው ሞገድ እያንከባለለ ያለሰለሰው ንጹሕ ድንጋይ ነው፤ ሲንከባለል የሚውል ድንጋይ ላይ የሚኖር ፍጥረት ጥቂት ነውና። በመራቢያ ወቅት ከደረቁ ጠጠር ይራቁ።

6. ካብ ሁሉ ጨዋታ ነው ማለት
ሰው ድንጋይ የሚክበው በብዙ ምክንያት ነው። በአርክቲክ የሚኖሩት የኢኑይት ሕዝቦች ኢኑክሹክ የሚሉት የድንጋይ ካብ መንገድ ያመለክታል፣ አደን ያግዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የካናዳ ግዛት በሆነችው በኑናቩት ሰንደቅ ዓላማ ላይ ሰፍሯል። በጃፓን ሳይ ኖ ካዋራ በሚባሉ ስፍራዎች ለሞቱ ሕፃናት ነፍስ ድንጋይ ይደረደራል። በዳርቻ ላይ የሚታየው አብዛኛው ግን አንዱ የሌላውን አይቶ የካበው ነው፤ አንድ ካብ ሌላ ካብ ይጠራል። ችግሩ ትርጉም ያለው ካብና ለጨዋታ የተካበው ለመንገደኛ አለመለየታቸው ነው። በአሜሪካው አካዲያ ብሔራዊ ፓርክ ካቦች የእግር መንገድ ያሳያሉ፤ ማንም የጨመረው ወይም ያፈረሰው ካብ በጉም ቀን ተጓዥን ያሳስታል። ከእግር መንገድ አጠገብ አይክቡ፣ የሌላውንም አይንኩ።

7. ትቶ መሄድ
የባሕር ሙላት በሚደርስበት ቦታ የካቡትን ውሃው ራሱ ይወስደዋል፤ በብዙ ዳርቻ ሙላት በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ገደማ ይመለሳል። ከዚያ ከፍ ብለው ከካቡ ግን ከአናት ጀምረው ያውርዱ፤ እያንዳንዱን ድንጋይ ወደ ነበረበት ጉድጓድ፣ እርጥብ የነበረውን ፊቱን ወደ ታች አድርገው ይመልሱ።