«እስከ ሃያ ይቆጥራል» ብለን ስንኩራራ የምንስታቸው ነገሮች

የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመት ሳይሞላው እስከ ሃያ ይቆጥር ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ቁጠርላቸው» ይባላል። እሱም ሳይተነፍስ ያንበለብለዋል። አንድ ቀን ምሳ ሲቀርብ «ሦስት ማንኪያ አምጣልኝ» አልኩት። እጁ የቻለውን ያህል አፍሶ መጣ። ሰባት ነበሩ። «ሦስት ናቸው?» ስለው «አዎ!» አለኝ፣ በሙሉ ልብ።

ልጁ ምንም አልጎደለውም። የተሳሳትነው እኛ ነን።

ማንበልበልን እንደ ማወቅ ማየት

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» መጀመሪያ ላይ ለልጅ እንደ «ሀ ሁ ሂ» በቃል የሚዜም ነገር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካረን ዊን እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1992 ባወጣቻቸው ጥናቶች ልጆችን «ይህን ያህል ስጠኝ» እያለች ፈትናለች። ትንንሾቹ «አንድ» ሲባሉ አንድ ይሰጣሉ፤ ለሌላው ቁጥር ሁሉ እፍኝ ሙሉ ያነሳሉ። ከወራት በኋላ «ሁለት» ይገባቸዋል፣ ቀጥሎ «ሦስት»። ከዚያ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ነገሩ ይበራላቸዋል፦ ስንቆጥር መጨረሻ ላይ የጠራነው ቃል የሁሉንም ብዛት ይናገራል።

ስለዚህ ቆጥረው ዝም አይበሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ማንኪያ!» ይበሉ። ደግሞ አየር ላይ አይቁጠሩ፤ ልጁ በሚያየውና በሚነካው ነገር ይሁን።

ቃሉ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በብራዚል አማዞን የሚኖሩት ፒራሃዎች በቋንቋቸው ቁርጥ ያለ የቁጥር ቃል የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት፣ ፊታቸው ከተደረደረው ዕቃ ጋር እኩል መደርደር አላቃታቸውም። ዕቃው ሲሸፈንባቸው ግን ወደ ግምት ገቡ። ቃሉ ብዛቱን ይዘን የምንቆይበት ነገር ነው።

የራሳችንን አማርኛ አለማዳመጥ

ይህን ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚብስ ይመስለኛል። «እስቲ አንድ አምስት ሽንኩርት አቀብለኝ» እንላለን። ለእኛ «ወደ አምስት ገደማ» ማለት ነው። ቁጥር ገና ለጀመረ ልጅስ? አንድ ነው ወይስ አምስት? «ሁለት ሦስት ቀን ቆይቼ እመጣለሁ» ስንልም ያው ነው።

«ሁለት ሁለት ውሰዱ» ደግሞ አለ። ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ማለታችን ነው። አንዴ ልደት ላይ አንዷ ልጅ አራት ብስኩት አንስታ «ስግብግብ!» ተብላ ስትቆጣ አይቻለሁ። ሁለትና ሁለት አራት ነው እኮ! ሂሳቧ ልክ ነበር።

እንዲህ መናገራችንን እንተው አልልም፤ የአማርኛ ወዝ ነው። ግን ለሦስት ዓመት ልጅ ቁጥሩ እንዲገባው ሲፈልጉ «አምስት ሽንኩርት» ብቻ ይበሉ። «ሁለት ለአንተ፣ ሁለት ለእሷ» ብለው እያካፈሉ ያሳዩ።

በ«ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» ብቻ ማስቆጠር

መዋዕለ ሕፃናት የገባ ልጅ ቤት ውስጥም በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲቆጥር የሚፈልጉ ወላጆች ሞልተዋል። አንድ ነገር ያጣሉ። «አስራ አንድ» ውስጡ አስርም አንድም ይሰማል። «ኢለቨን» እና «ቱዌልቭ» ግን አስሩን ደብቀውታል። ቻይንኛም እንደ እኛው «አስር አንድ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ የኬቪን ሚለርና ባልደረቦቹ ጥናት የቻይናና የአሜሪካ ልጆችን አወዳድሮ፣ እስከ አስር ልዩነት አላገኘም። ልዩነቱ የመጣው ከአስር በኋላ ነው።

አማርኛም ሁሉን አይገልጥም። «ሃያ» ሁለትን አያሳይም። «ሠላሳ»፣ «አርባ»፣ «ሃምሳ» ግን ሦስትን፣ አራትን፣ አምስትን በከፊል ያሰማሉ። ልጁን «ሃምሳ ውስጥ ማን ተደብቋል?» ብለው ይጠይቁት፤ ጨዋታ ይሆንለታል።

ጀርመን ወይም ዓረብ አገር ለምትኖሩ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። በጀርመንኛም በዓረብኛም 25 «አምስትና ሃያ» ነው የሚባለው። ልጁ 52 ብሎ ቢጽፍ አትደንግጡ፤ እንደሰማው ቅደም ተከተል ነው የጻፈው። «ይምታታበታል» ብላችሁም የአማርኛውን አታቋርጡበት። የቃላቱን ዝርዝር በየቋንቋው መማሩ አይቀርም፤ የመቁጠር ትርጉም በአንዱ ከገባው ግን ለሌላውም ይጠቅመዋል።

205ን በቀይ መሰረዝ

«ሃያ አምስት ጻፍ» ሲባል 205 የሚጽፍ ልጅ ብዙ ነው። ኤክስ ይደረግበትና ያልቃል። ልጁ ግን የሰማውን ነው የጻፈው፦ ሃያ፣ ከዚያ አምስት። በግዕዝ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር። ሃያ ፳፣ አምስት ፭፣ ሃያ አምስት ፳፭። ዜሮ የለ፣ ጣጣ የለ።

ከ0 እስከ 9 ባሉት አሃዞች ስንጽፍ ግን ቦታው ይናገራል፤ ይህ በአፍ አይሰማም፣ መታየት አለበት። ስቴኪኒ አስር አስሩን በላስቲክ ይሰሩ። ሁለት እስርና አምስት ነጠላ ያስቀምጡ። ከእስሮቹ በታች 2፣ ከነጠላዎቹ በታች 5 ይጻፉ። ሦስት አራቴ ሲደጋገም 205ቱ ይቀራል።

ጣቱን መከልከል

«በጭንቅላትህ አስብ!» እያሉ የልጅን እጅ ከጠረጴዛ ስር የሚያስደብቁ አሉ። አስር አስር እየቆጠርን የኖርነው አስር ጣት ስላለን አይደል? ይቁጠርበት። ሲበቃው ራሱ ይተወዋል።